በገመዱ ሌላ ጫፍ ያለው ማን ነው? የስዊች ፖርቶች የስፓኒንግ ትሪ ቅንብር

በአንድ የትምህርት ተቋም የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ወለል የምታጸዳ ሠራተኛ ወይም ክፍሉን የሚያስተካክል ተማሪ ከጠረጴዛ ሥር አንድ ጫፉ የተንጠለጠለ የኔትዎርክ ገመድ ቢያገኝ፣ ጫፉን አንሥቶ በአቅራቢያው ባለው ክፍት ሶኬት ላይ መሰካቱ የሚጠበቅ ነው። ድርጊቱ ከቅንነት የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ የገመዱ ሌላው ጫፍ ቀድሞውኑ በግድግዳው ሶኬት ላይ የተሰካ ከሆነና ስዊቹም ተገቢው ጥንቃቄ ያልተደረገለት ከሆነ፣ ጥቂት ሴኮንዶች ሳያልፉ የዚያ ክፍል ብቻ ሳይሆን የሕንፃው ኔትዎርክ በሞላ ይቆማል። የሬጅስትራሩ መዝገብ አይከፈትም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ካታሎጉን አያገኝም፤ በኮምፒዩተር ፈተና ላይ ያሉ ተማሪዎች መልሳቸውን ማስተላለፍ ይሳናቸዋል። በስዊቹ ፊት ያሉት ትናንሽ መብራቶች ሁሉም ባንድነት ያለማቋረጥ ሲርገበገቡ ይታያሉ። ስዊቹ ግን አልተበላሸም፤ እንዲያውም ከመቼውም ይበልጥ ባለ በሌለ ኃይሉ እየሠራ ነው።

እንዲህ ያለውን አደጋ ለመከላከል የተፈጠረው ደንብ ስፓኒንግ ትሪ ይባላል። ቃሉ ወደ አማርኛ ይመለስ ቢባል «ሁሉን የሚያዳርስ ዛፍ» እንደማለት ነው። ቅንብራቸው ሊለወጥ በሚችል ስዊቾች ውስጥ ደንቡ ከፋብሪካ ተሠርቶ ይመጣል። ሆኖም ብዙ ጊዜ ወይ ምንነቱ ሳይታወቅ እንዳለ ይተዋል፤ ወይም «ኔትዎርኩን ያዘገያል» ተብሎ ከናካቴው እንዲጠፋ ይደረጋል። ሁለቱም ወገኖች አንድ ነጥብ ስተዋል። በየፖርቱ ላይ የሚደረገው የስፓኒንግ ትሪ ቅንብር በመሠረቱ ከአንድ ጥያቄ የሚነሣ ነው፤ ይኸውም በዚህ ፖርት የተሰካው ገመድ በሌላው ጫፉ የሚያገናኘው ከኮምፒዩተር ጋር ነው ወይስ ከሌላ ስዊች ጋር? የሚለው ነው። ስዊቹ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠውን መልስ ያምናል። መልሱ እውነት ሲሆን ኔትዎርኩ ፈጣንም ጽኑም ይሆናል። ሐሰት ሲሆን ወይም ትናንት እውነት የነበረው ዛሬ ሲለወጥ፣ ጉዳቱ በዚያ ፖርት ብቻ ተወስኖ አይቀርም።

ዕድሜ የሌለው ጥቅል

ስዊች በአንድ ፖርት የሚገባለትን የመረጃ ጥቅል ሲቀበል የላኪውን ማክ አድራሻና ጥቅሉ የገባበትን ፖርት በሠንጠረዡ ይመዘግባል። ተቀባዩ በሠንጠረዡ ተመዝግቦ ከተገኘ ጥቅሉን በዚያው ፖርት ብቻ ያሳልፋል። ካልተገኘ፣ ወይም ጥቅሉ ብሮድካስት የሚባለው ለሁሉም የሚነገር ዓይነት ከሆነ፣ ከገባበት ፖርት በስተቀር በቀሩት ሁሉ ያሰራጨዋል። አንድ ኮምፒዩተር ተከፍቶ አድራሻ ሲጠይቅ ጥያቄውን የሚያሰማው በዚህ ዓይነት ጥቅል ነው፤ ማን እንደሚመልስለት ገና አያውቅምና።

በኢንተርኔት ደንብ የሚጓዝ ጥቅል አንድ ራውተር ባለፈ ቁጥር አንድ እየተቀነሰበት የሚሄድ የዕድሜ ቁጥር ይዞ ይነሣል፤ ቁጥሩ ባዶ ሲሆን ጥቅሉ ይጣላል። በስዊቾች መካከል የሚመላለሰው የኢተርኔት ጥቅል ግን እንዲህ ያለ ዕድሜ አልተሰጠውም። ስለዚህ ሁለት ስዊቾች በሁለት ገመዶች ሲገናኙ ወይም የአንድ ገመድ ሁለት ጫፎች በአንድ ስዊች ላይ ሲሰኩ ቀለበት ይፈጠራል፤ በቀለበቱ ውስጥ የገባ አንድ የብሮድካስት ጥቅልም ገመዱ እስኪነቀል ወይም መብራት እስኪጠፋ ድረስ ይሽከረከራል። በዞረ ቁጥር ቅጂው በየፖርቱ ይሰራጫል። ሴኮንድ 100 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ የመጨረሻ ትንሹ መጠን፣ ማለትም የ64 ባይት ጥቅል፣ በአንድ ሴኮንድ እስከ 148,800 ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። በ1 ጊጋቢት መስመር ላይ ይህ ቁጥር ዐሥር እጥፍ ይሆናል። ጥቅሉ ለሁሉም የተላከ በመሆኑ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ሥራውን አቋርጦ እያንዳንዱን ቅጂ መመልከት ይገደዳል። ስዊቹም በበኩሉ ያንኑ ላኪ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ፖርት ስለሚያየው ሠንጠረዡን ሲጽፍና ሲሰርዝ ይውላል። የብሮድካስት ማዕበል የሚባለው ይህ ነው።

ታዲያ ቀለበት ጨርሶ እንዳይኖር አድርጎ ገመድ መዘርጋት አይሻልምን? የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ችግሩ ቀለበት የሌለው ኔትዎርክ መጠባበቂያም የሌለው መሆኑ ነው። በሁለት ሕንፃዎች መካከል ያለውን ብቸኛ ገመድ አይጥ ከቆረጠችው ወይም ቦይ ቆፋሪ ከበጠሰው፣ ጥገናው እስኪደርስ ከወዲያ ማዶ ያለው ሕንፃ ተለይቶ ይቀራል። የሚፈለገው እንግዲህ ቀለበቱ በገመድ ደረጃ እንዲኖር፣ በሥራ ደረጃ ግን እንዳይኖር ማድረግ ነው።

የዛፉ አበቃቀል

መፍትሔውን ያስገኘችው በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ትሠራ የነበረችው ራዲያ ፐርልማን ናት። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመችው ጽሑፍ ገልጻለች። ጽሑፉ በአጭር ግጥም የሚጀምር መሆኑ ለምሕንድስና ሥራ ያልተለመደ ነበር። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1990 ዘዴውን 802.1ዲ በተባለው ደረጃ ውስጥ አካቶ አወጣው። ከዚያ ወዲህ የልዩ ልዩ ፋብሪካ ስዊቾች በአንድ ደንብ ሊነጋገሩ ቻሉ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ስዊቾቹ ቢፒዲዩ የተባለ አጭር መልእክት በየ2 ሴኮንዱ ይለዋወጣሉ። በመጀመሪያ ከመካከላቸው አንዱን «ሥር» አድርገው ይመርጣሉ። ቀጥሎም እያንዳንዱ ስዊች ወደ ሥሩ የሚያደርሰውን አነስተኛ ወጪ ያለበት መንገድ ይለያል፤ ትርፍ የሆነው መንገድ በአንድ ጫፉ ይዘጋል። የተዘጋው ፖርት መረጃ አያሳልፍም እንጂ ማዳመጡን አያቆምም። ዋናው መንገድ ሲቋረጥ የሚከፈተው እርሱ ነው።

ለምሳሌ ያህል ሦስት ስዊቾች ያሉበት ግቢ ይታሰብ። ስዊች ሀ በዋናው የመሣሪያ ክፍል፣ ስዊች ለ በቤተ መጻሕፍት፣ ስዊች ሐ በኮምፒዩተር ክፍል ይገኛሉ። ሀ ከለ ጋርም ከሐ ጋርም በ1 ጊጋቢት መስመር ተገናኝቷል፤ ለ እና ሐ ደግሞ እርስ በርሳቸው በ100 ሜጋቢት መስመር ተገናኝተዋል። በቀድሞው የወጪ ልክ መሠረት የ1 ጊጋቢት መስመር ወጪ 4፣ የ100 ሜጋቢት 19፣ የ10 ሜጋቢት ደግሞ 100 ነው። ሀ ሥር ከሆነ ሐ በቀጥታ ቢሄድ 4፣ በለ በኩል ቢዞር 23 ያወጣል። ስለዚህ ቀጥተኛው ፖርት የሐ «ሥር ፖርት» ይሆናል። በለ እና በሐ መካከል ያለው መስመር ትርፍ ነውና አንደኛው ጫፉ መዘጋት አለበት። ሁለቱም ለሥሩ ያላቸው ወጪ እኩል 4 በመሆኑ መለያ ቁጥሩ የሚያንሰው ስዊች የመስመሩ «ተጠሪ» ይሆናል፤ የሌላኛው ፖርት «ተለዋጭ» ሆኖ ይዘጋል። ከሀ ወደ ሐ የሚሄደው ገመድ ተጎድቶ በ10 ሜጋቢት ብቻ መሥራት ቢጀምር ወጪው 100 ስለሚሆን፣ ሐ ማንም ሳይነግረው ፊቱን ወደ ለ ያዞራል።

በዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው የወጪውን ልክ ይመለከታል። በአዲሱ ልክ የ1 ጊጋቢት ወጪ 20,000፣ የ100 ሜጋቢት 200,000 ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ከፊሉ ስዊች በአሮጌው ከፊሉ በአዲሱ ልክ ቢሠራ፣ በአሮጌው የሚቆጥረው ሁልጊዜ ርካሽ መስሎ ስለሚታይ ዛፉ ይጣመማል። ሁለተኛው የፖርት ቅድሚያ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ሳይነካ 128 ሲሆን በ16 በ16 ከፍና ዝቅ ይላል፤ የሚያገለግለውም ሁለት ስዊቾች በሁለት እኩል ገመዶች ሲገናኙ የትኛው ይከፈት የሚለውን ለመወሰን ነው። ብዙ ባለሙያ የሚሳሳትበት ግን እዚህ ላይ ነው። የታችኛው ስዊች የሚመለከተው የራሱን ፖርት ቁጥር ሳይሆን ከላይኛው ስዊች በመልእክቱ የመጣለትን ነው። ስለዚህ ቁጥሩ መለወጥ ያለበት ለሥሩ ቅርብ በሆነው ስዊች ላይ ነው።

ሥሩን ራሱን በተመለከተ፣ የእያንዳንዱ ስዊች መለያ ከቅድሚያ ቁጥርና ከማክ አድራሻ የተገጣጠመ ሲሆን አነስተኛው ይመረጣል። የቅድሚያው ቁጥር በሁሉም ላይ ከፋብሪካ እንደመጣ 32768 ከሆነ ምርጫው በማክ አድራሻ ይወሰናል። ይህም ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፋውን፣ ምናልባትም በመጋዘን ጥግ የተረሳውን ስዊች ለሥርነት ያበቃዋል። በዋናው ስዊች ላይ 4096፣ በተተኪው ላይ 8192 መጻፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የሠላሳ ሴኮንዱ ጥበቃ

አንድ ፖርት ገመድ ሲሰካበት ወዲያውኑ መረጃ ማሳለፍ ቢጀምር ኖሮ፣ ቀለበት መኖር አለመኖሩ ሳይታወቅ ማዕበሉ ይነሣ ነበር። ስለዚህ ደንቡ ፖርቱን መጀመሪያ 15 ሴኮንድ እንዲያዳምጥ፣ ቀጥሎም 15 ሴኮንድ አድራሻዎችን እንዲማር ያደርገዋል። ማስተላለፍ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በሩቅ ያለ መስመር ተቋርጦ ከሆነም የቀድሞው መልእክት እስኪያረጅ እስከ 20 ሴኮንድ ስለሚጠበቅ፣ መቋረጡ 50 ሴኮንድ ሊደርስ ይችላል።

በሁለት ስዊቾች መካከል ላለ ገመድ ይህ ጥበቃ ተገቢ ነው። ለኮምፒዩተር ግን ችግር ይፈጥራል። ተማሪው ኮምፒዩተሩን ሲከፍት መሣሪያው አድራሻ ይጠይቃል፤ ፖርቱ ገና በማዳመጥ ላይ ስለሆነ ጥያቄው የትም አይደርስም። ጥቂት ጊዜ ደጋግሞ መልስ ያጣ ኮምፒዩተር በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጥና ከኔትዎርኩ ውጭ ይሆናል። ሥርዐተ ክወናቸውን ከሰርቨር በኔትዎርክ የሚጭኑ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ጨርሰው ሳይነሡ ይቀራሉ። አስተማሪው ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያው ገመዱን ነቅሎ ሲሰካው ሠላሳው ሴኮንድ እንደ አዲስ ይጀምራል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ይኸው ይደገማል። በመጨረሻም ምክንያቱን የደረሰበት ሰው ስፓኒንግ ትሪን በስዊቹ ላይ ያጠፋዋል። ኮምፒዩተሮቹ በቅጽበት ይገናኛሉ፤ ሁሉም ይደሰታል። ጠባቂው የተሰናበተው በደስታ ነው፤ ያ የተንጠለጠለ ገመድ እስኪሰካ ድረስም ማንም አያስበውም።

የዳር ፖርት

ትክክለኛው መፍትሔ ደንቡን ማጥፋት ሳይሆን ኮምፒዩተር ብቻ የሚገናኝበትን ፖርት «የዳር ፖርት» ብሎ መሰየም ነው። የሲስኮ ኩባንያ ይህን ቅንብር ፖርትፋስት ብሎታል። የዳር ፖርት ገመድ እንደተሰካበት ሳያዳምጥና ሳይጠብቅ ማስተላለፍ ይጀምራል። ከዛፉ የመጨረሻ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያለ ቅጠል ማለት ነው፤ ከእርሱ ወዲያ ሌላ መንገድ ስለሌለ ቀለበት አይፈጥርም።

ከፍጥነቱ ሌላ ብዙ የማይነገርለት ጥቅም አለው። ተራ ፖርት በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስዊቹ «የዛፉ ቅርጽ ተለውጧል» ብሎ ያስታውቃል። በዚህን ጊዜ በዛፉ ያሉ ስዊቾች ሁሉ፣ በወትሮው 300 ሴኮንድ የሚቆየውን የአድራሻ መዝገባቸውን በ15 ሴኮንድ ውስጥ ያራግፋሉ፤ በአዲሱ ደንብ እንዲያውም ወዲያውኑ ይደመስሱታል። መዝገቡ ባዶ ሲሆን የተቀባዩ ቦታ ስለማይታወቅ ጥቅሎች በየፖርቱ ይሰራጫሉ። 40 ኮምፒዩተሮች ያሉበት ክፍል በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ሲከፈትና በመጨረሻው ሲዘጋ ይህ ሁሉ ትርምስ በመላው ግቢ ላይ ይደርሳል። የዳር ፖርት ግን መከፈቱም መዘጋቱም ዛፉን አይነካምና ማስታወቂያ አያስነግርም።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውና በ2004 የቀድሞውን ደንብ የተካው ፈጣኑ ስፓኒንግ ትሪ ይህን ቅንብር አላስፈላጊ አድርጎታል የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ ይሰማል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በፈጣኑ ደንብ ሁለት ስዊቾች ሰዓት ቆጥረው ከመጠበቅ ይልቅ በጥያቄና በመልስ ተስማምተው ፖርቱን ይከፍታሉ፤ ይህም ከአንድ ሴኮንድ በታች ሊያልቅ ይችላል። ኮምፒዩተር ግን ቢፒዲዩ አያውቅምና ለጥያቄው መልስ አይሰጥም። በመሆኑም የዳር ፖርት ተብሎ ያልተሰየመ የኮምፒዩተር ፖርት በፈጣኑም ደንብ ቢሆን ሠላሳውን ሴኮንድ ይጠብቃል። ከዚህም በላይ አንድ ስዊች ከላይኛው ጋር ሲስማማ፣ ቀለበት አለመኖሩን ለማረጋገጥ የዳር ካልሆኑት ተጠሪ ፖርቶቹ ሁሉ መረጃ ማሳለፍን ለጊዜው ያግዳል። እነዚያ ፖርቶች ኮምፒዩተር የተሰካባቸው ከሆኑ፣ በሩቅ የተለወጠ አንድ መስመር ክፍሉን በሙሉ ለግማሽ ደቂቃ ያቋርጠዋል። መጥፋቱን ያየ ሰው ምክንያቱን በክፍሉ ውስጥ ሲፈልግ ይደክማል እንጂ አያገኘውም።

ስምምነቱ የሚሠራው መስመሩ ሁለት ስዊቾችን ብቻ የሚያገናኝ መሆኑ ሲታወቅ ሲሆን፣ ስዊቹ ይህን የሚገምተው መስመሩ ባንድ ጊዜ መላክና መቀበል የሚችል መሆኑን አይቶ ነው። የአንዱን ጫፍ ፍጥነት በእጅ ወስኖ ሌላውን ለራሱ መተው በአንደኛው ጫፍ ይህን ችሎታ ሊያሳጣው ይችላል። ያን ጊዜ ፈጣኑ ደንብ በዚያ መስመር ላይ ወደ ዘገምተኛው ጥበቃ ይመለሳል። ስዊቾቹ የግቢውን ኔትዎርክ በልዩ ልዩ ቪላን የሚከፍሉ ከሆነ ለየቪላኑ ወይም ለቪላኖች ስብስብ የተለየ ዛፍ ሊኖር ይችላል፤ የፖርቱ ቅንብር መሠረተ ሐሳብ ግን አይለወጥም።

ቃሉ ሲፈርስ

የዳር ፖርት የተባለው ፖርት ለዘለዓለም የዳር ፖርት ሆኖ አይቀርም። መምህሩ በቢሮው አንድ ሶኬት ብቻ ሲያገኝ ከገበያ አምስት ፖርት ያላት ትንሽ ስዊች ገዝቶ ይሰካል። ሁለት ሶኬት ያለው የጠረጴዛ ስልክ ሁለቱም ገመዶቹ በግድግዳው ላይ ይሰካሉ፤ ስልኩ በውስጡ ትንሽ ስዊች እንዳለው ተጠቃሚው አያውቅም። በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት ለስዊቹ የተሰጠው ቃል ፈርሷል።

የደንቡ አዘጋጆች ይህን አስበውበታል። የዳር ፖርትም ቢሆን ቢፒዲዩ መላኩን አያቋርጥም፤ ቢፒዲዩ ከመጣበትም የዳርነቱን መብት አጥቶ እንደ ተራ ፖርት ይቆጠራል። ሆኖም መረጃ ማሳለፍ የጀመረው ከመልእክቱ በፊት ስለሆነ በመካከሉ ማዕበሉ ሊነሣ፣ ስዊቹንም ከአቅሙ በላይ አጨናንቆ መልእክቱን እንዳይመለከት ሊያደርገው ይችላል። ለዚህ የተዘጋጀው ቅንብር ቢፒዲዩ ጋርድ ነው። ይህ ዘበኛ ሥራው አንድ ነው። በዳር ፖርት ላይ አንድ ቢፒዲዩ ሲገባ ካየ ፖርቱን ፈጽሞ ይዘጋዋል። የሚጎዳው የዚያ ሶኬት ተጠቃሚ ብቻ ነው፤ ግቢው ሥራውን ይቀጥላል። የተዘጋው ፖርት በኃላፊው እጅ እስኪከፈት ይቆያል። በሲስኮ ስዊቾች ላይ ራሱን መልሶ እንዲከፍት ማዘዝም ይቻላል፤ ይህ ከታዘዘና ሌላ ጊዜ ካልተወሰነለት 300 ሴኮንድ ጠብቆ ይከፍታል። ስሕተቱ ካልታረመ መልሶ ስለሚዘጋ ይህ አሠራር ጉዳት የለውም፤ ባለሙያ በቅርብ በማይገኝበት ቦታ እንዲያውም ይመረጣል።

ከዚህ ጋር በስም የሚመሳሰል፣ በግብር ግን ተቃራኒ የሆነ ቢፒዲዩ ፊልተር የሚባል ቅንብር አለ። በፖርት ላይ በቀጥታ ሲታዘዝ ፖርቱ ቢፒዲዩ እንዳይልክም እንዳይቀበልም ያደርገዋል። በሌላ አነጋገር በዚያ ፖርት ላይ ስፓኒንግ ትሪ የለም ማለት ነው። ጋርድ ዘበኛ ሲሆን ፊልተር የዘበኛውን ዓይንና ጆሮ መሸፈኛ ነው። ሁለቱን በአንድ ፖርት ላይ አብሮ ማዘዝ ጥንቃቄን የሚያጠናክር የሚመስላቸው አሉ፤ ቢፒዲዩው ከጋርዱ ከመድረሱ በፊት ስለሚጣል ውጤቱ ያለጥበቃ መቅረት ነው። በትምህርት ተቋም ኔትዎርክ ውስጥ ፊልተር ተፈላጊ የሚሆንበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው።

ሩት ጋርድ ደግሞ በሌላው ጫፍ ስዊች መኖሩ ለታወቀ፣ ግን ያ ስዊች ሥር መሆን ለማይገባው ፖርት ነው። ለምሳሌ የተማሪዎች ማደሪያ ስዊች ወደ ዋናው የሚገናኝበትን ፖርት መውሰድ ይቻላል። ከዚያ ወገን «ሥር ነኝ» የሚል የተሻለ መለያ ያለው መልእክት ሲመጣ ፖርቱ ይታገዳል፤ መልእክቱ ሲቆም በራሱ ይመለሳል። ሉፕ ጋርድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መስማት ለሚያቆሙ፣ በተለይ ለፋይበር መስመሮች የተዘጋጀ ነው።

አንድ ጉድለት ግን ከነዚህ ሁሉ ውጭ ይቀራል። ከገበያ የሚገዙ አንዳንድ ትናንሽ ስዊቾች ቢፒዲዩን ያሳልፋሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ይውጡታል። በሚውጠው ስዊች ውስጥ ቀለበት ቢፈጠር መልእክቱ ስለማይመለስ ጋርዱ የሚያየው ነገር የለም። ለዚህ የሚረዳው በፖርቱ የሚገባውን የብሮድካስት መጠን የሚገድበው ስቶርም ኮንትሮል የተባለው ቅንብር ነው። እርሱ ግን ማዕበሉን ይቀንሳል እንጂ ቀለበቱን አይፈታም።

የቦስተኑ ሆስፒታል

በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የሚገኘው ቤት እስራኤል ዲያኮነስ የሕክምና ማዕከል ሁለት ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. በ1996 ተዋሕደው የመሠረቱት የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ኔትዎርኩ እንደ ሕንፃዎቹ በየጊዜው እየተቀጠለ ያደገ ነበር። በኅዳር 4 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 2002፣ አንድ ተመራማሪ በኔትዎርኩ ላይ ያንቀሳቀሰው ከፍተኛ የመረጃ ብዛት ካስከተለው መጨናነቅ በኋላ ኔትዎርኩ ተንገዳገደ። እየተነሣና እየወደቀ አራት ቀን ያህል ቆየ። ሐኪሞችና ነርሶች የላቦራቶሪ ውጤትንና የመድኃኒት ትእዛዝን በወረቀት ጽፈው በሰው እጅ ወደ መላላክ ተመለሱ። ከወጣቶቹ ሐኪሞች መካከል በወረቀት ሠርተው የማያውቁ ስለነበሩ አዛውንቶቹ ያስተምሯቸው ነበር።

መንስኤው ቫይረስ አልነበረም። የስፓኒንግ ትሪ ነባር የጊዜ ልኮች የተሰሉት ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ከ7 ስዊች ለማይበልጥ ርቀት ነው። ቢፒዲዩ አንድ ስዊች ባለፈ ቁጥር «ዕድሜው» ይጨምራል፤ ከመጠን በላይ ሲያረጅ ይጣላል። የሆስፒታሉ ኔትዎርክ በአንዳንድ ወገን ከዚህ ወሰን አልፎ ስለነበር መስመሮቹ በተጨናነቁ ጊዜ ስዊቾቹ በአንድ ዛፍ መስማማት ተሳናቸው፤ ቀለበትም ተፈጠረ። የሆስፒታሉ የመረጃ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ጆን ሐላምካ ጉዳዩን ሳይደብቁ ለሌሎች ተቋማት መማሪያ እንዲሆን በይፋ ተርከውታል፤ ስለ ኔትዎርክ ብልሽት የሚታወቀው ብዙው ነገር በሹክሹክታ የሚቀር በመሆኑ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሰባት ወዲያ ያለው ስምንተኛው ስዊች በአንድ ቀን በአዋጅ የመጣ አይደለም። በየቢሮው ሶኬት ላይ የምትቀጠል ትንሽ ስዊች ሰንሰለቱን በአንድ ቀለበት ታስረዝመዋለች። ቢፒዲዩ ጋርድ ያለበት ፖርት ቢፒዲዩ ለሚናገር ስዊች ሁሉ እምቢ ስለሚል፣ ከማዕበል መከላከያነቱ ሌላ የግቢው ኔትዎርክ ሳይታወቅ እንዳያድግ የሚጠብቅ ድንበርም ነው።

በግቢ ውስጥ ያለው ሥራ

በተግባር ሥራው የሚጀመረው በስዊቹ ትእዛዝ መስኮት ሳይሆን በእግር ነው። ባለሙያው እያንዳንዱን ገመድ እስከ ጫፉ ተከትሎ በፖርቱ መግለጫ ላይ ምን እንዳለበት መጻፍ አለበት። አንዳንድ ስዊቾች 3 ሴኮንድ ያህል ቢፒዲዩ ካልሰሙ ፖርቱን በራሳቸው የዳር ፖርት ስለሚያደርጉት ይህን ልፋት ማስቀረት ይቻላል የሚሉ አሉ። ስዊቹ የሚገምተውን ኃላፊው ማወቅ ካልቻለ ግን ብልሽት ሲደርስ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ኮምፒዩተር፣ ማተሚያና የገመድ አልባ አገልግሎት ማሠራጫ የተሰኩባቸው ፖርቶች የዳር ፖርት ይባላሉ፤ ሁሉም ላይ ጋርድ ይታዘዛል። ስዊች ከስዊች የሚገናኝባቸው ፖርቶች ተራ ሆነው ይቀራሉ። ሰው የማይጠቀምባቸው ፖርቶች ይዘጋሉ።

መብራት በተደጋጋሚ በሚቋረጥበት ቦታ አንድ ተጨማሪ ነገር ይታሰባል። መብራት ሲመለስ ትናንሾቹ ስዊቾች ቀድመው ይነሣሉ፤ ትልቁ ዋና ስዊች ግን ለመነሣት ደቂቃዎች ሊፈጅበት ይችላል። በዚህ መካከል ሌላ ስዊች ሥር ሆኖ ይመረጣል፤ ዋናው ሲደርስ ዛፉ እንደገና ይታነጻል። ዋናውን ስዊች በባትሪ መጠባበቂያ ላይ ማድረግና ተተኪውን አስቀድሞ መወሰን ይህን ሁለት ጊዜ መናወጥ ያስቀራል። የኮምፒዩተሮቹ ፖርቶች የዳር ከሆኑ ደግሞ ተማሪው መናወጡን በእጅጉ ባነሰ መጠን ያየዋል።

ቅንብሩ መሥራቱ የሚታወቀው ተሞክሮ ሲታይ ነው። ማንም በማይሠራበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሰው በዋናው ስዊች አጠገብ ይቆማል፤ ሌላው በኮምፒዩተር ክፍል አንዲት አጭር ገመድ ወስዶ ሁለቱን ጫፎች በሁለት የግድግዳ ሶኬቶች ላይ ይሰካል። ጋርዱ ከታዘዘ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ከሁለቱ ሶኬቶች ቢያንስ የአንደኛው ፖርት መብራት ይጠፋል፤ የቀሩት እንደወትሮው ብልጭ ድርግም ማለታቸውን ይቀጥላሉ። ሁሉም መብራቶች ባንድነት መርገብገብ ከጀመሩ ገመዱ ወዲያውኑ ይነቀልና ያልታዘዘው ፖርት ይፈለጋል። ሙከራው በየክፍሉ ይደገማል፤ የተዘጉት ፖርቶች ይከፈታሉ፤ ቀኑና የፖርቶቹ ቁጥር በመሣሪያ ክፍሉ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።